ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለው የህፃናት ሙዚቃና እንቅስቃሴ ክላስ፦ ከበሮው አሪፍ ነው ስፒከሩ ግን...

ለሚቸኩል ሰው አጭሩ መልስ፣ አዎ ውሰዷቸው፣ በተለይ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ካላችሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እዚህ ከተማ ለዚህ እድሜ ካየሁት ሁሉ የተሻለ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ግን ጫማ አድርጋችሁ ውጡ፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ረጅሙን ማንበብ የፈለገ ይቀጥል፣ ቡናውን ይዞ።

ቦታው ማራኪ ሰፈር ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ ኮብልስቶኑን ይዛችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ የሚገኝ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ታፔላ ምናምን የለውም። ስሙንም ሆነ የቲቸሯን ስም አልፅፍም ምክንያቱም ከታች የማማርርበት ነገር አለ፣ ደግሞ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ አያጣውም። ባጃጅ ሹፌሮቹ ራሳቸው "የልጆች ጭፈራ ቤት" ነው የሚሉት፣ መጀመሪያ ቀን አንዱ እንደዛ ብሎ ሲጠይቀኝ ልጄን አቅፌ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ክላሱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። 3 ሰዓት ላይ ትንንሾቹ ይገባሉ፣ ከአመት ተኩል እስከ ሶስት ከምናምን ያሉት፣ እነሱ ከወላጅ ጋር ነው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከ4 እስከ 6 ያሉት ብቻቸውን። 45 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ለወር 1,200 ብር፣ ሁለት ልጅ ያለው ትንሽ ይቀነስለታል። እኔ የማወራው በብዛት ስለ ትንንሾቹ ነው፣ የኔዋ እዛ ስለሆነች። እዛ ካሉት አባቶች ብዙ ጊዜ እኔ ብቻ ነኝ፣ እናቶቹ መጀመሪያ ላይ ወንበር ያመጡልኝ ነበር፣ "አንቱ ይቀመጡ" ምናምን፣ ኋላ ላይ ግን ወለሉ ላይ ስንደባለቅ አንቱታውም ቀረ ወንበሩም ቀረ።

ቤቱ ሳሎን ነው በቃ፣ ሶፋው ወጥቶ ወለሉ ባዶ የሆነ ሳሎን። ወለሉ ሊሾ ነው፣ መሀሉ ላይ ብቻ እንደ ፐዝል የሚገጣጠም የስፖንጅ ምንጣፍ አንጥፈዋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እዚህ ጋ አንድ ምክር፣ ካልሲውንም አውልቁት! ልጆቹ ከምንጣፉ ወጥተው ሊሾው ላይ በካልሲ ሲሮጡ ይንሸራተታሉ፣ የአንዷ ልጅ ግንባር ሲያብጥ አይቻለሁ። ይበርዳቸዋል የሚል ወላጅ አለ፣ ጠዋት ላይ ሊሾው እውነትም ይቀዘቅዛል፣ ግን ከበሮው ከተጀመረ በኋላ በርዶት ያየሁት ልጅ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቲቸሯ ድሮ ባህል ምሽት ላይ ትሰራ ነበር አሉ፣ ከዛ ኬጂ ስታስተምር ቆየች፣ አሁን ይሄን ከፈተች። ሁለቱም ይታይባታል። ስትጀምር አታወራም፣ "ልጆች ዝም በሉ" የሚባል ነገር የለም። ዝቅ ብላ ትቀመጥና ትንሿን ከበሮ ጭኗ ላይ አስቀምጣ መምታት ትጀምራለች፣ የሚሮጠውም የሚያለቅሰውም ቀስ በቀስ ወደሷ ይሳባል። ከዛ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ዜማ ውስጥ እያስገባች ትጠራለች፣ የተጠራው ልጅ መጥቶ ከበሮውን አንዴ ይመታል። አንዳንዱ በጥፊ፣ አንዳንዱ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ይሮጣል። የኔዋ መጀመሪያ አካባቢ ስሟ ሲጠራ እኔ ጀርባ ትደበቅ ነበር፣ አሁን ተራዋ ሳይደርስ ሄዳ ትመታና ትመለሳለች፣ እሱም ሌላ ችግር ነው።

ቀጥሎ መራመድ ነው። ከበሮው ዝግ ሲል ዝሆን ይሆናሉ፣ ሲፈጥን ጥጃ ይሆናሉ፣ ቀጥ ሲል ሁሉም ድንጋይ። ይሄ ለኛ ተራ ጨዋታ ይመስለናል ግን ልጆቹን እዩልኝ፣ መሮጡ አይደለም የሚከብዳቸው መቆሙ ነው። የሁለት አመት ልጅ ከበሮው ከቆመ በኋላ ሶስት አራት እርምጃ ይሄዳል፣ እግሩ መስማቱን ገና አልጨረሰማ። ትንሽ ከፍ ያለው ደግሞ ይቆማል ግን መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሳቁን ይዞ። ጆሮ የሰማውን ሰውነት እንዲታዘዝ ማድረግ ነው ስራው፣ ይሄ ነገር ኋላ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥም መንገድ ለመሻገርም የሚጠቅም ነው ብዬ አምናለሁ። የኔዋን መንገድ ላይ "ድንጋይ!" ስላት ቀጥ ትላለች፣ ይሄ ብቻውን 1,200 ብሩን አውጥቷል።

ይሄ ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም። ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ የሚባል የስዊዘርላንድ የሙዚቃ መምህር (1865–1950) ጄኔቫ ላይ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ጣታቸው ጎበዝ ሆኖ ምቱ ግን ሰውነታቸው ውስጥ እንደሌለ አየና ከወንበር አስነስቶ ያራምዳቸው ጀመር፣ ሙዚቃ መጀመሪያ በሰውነት ነው የሚገባው ብሎ። ከሱ በኋላ ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ንግግርን፣ ጨዋታን፣ እንቅስቃሴንና ቀላል የሚመቱ መሳሪያዎችን አንድ ላይ አድርጎ ለህፃናት አመጣው። አሁን ዓለም ላይ ያለው የህፃናት ሙዚቃ ክላስ ብዙው ከነዚህ ሰዎች የተቀዳ ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ ጎንደር ቁጭ ብለን ይሄን ከስዊዘርላንድ እንማር? በዓታ ቤተክርስቲያንን የሚያክል የአቋቋም (የቤተክርስቲያን ዜማ ከነእንቅስቃሴው) ማስመስከሪያ ያለበት ከተማ ነው'ኮ። መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ ዝማሜው፣ ዜማና ሰውነት ተለያይቶ አያውቅም እዚህ። አዝማሪውም እንደዛው፣ የአዝማሪዎቹ መንደር ቡርባክስ አካባቢ የተወለደ ልጅ ማሲንቆውን ከቤተሰቡ ነው የሚለምደው እንጂ ማን ሶልፌጅ (ኖታ በዶ ሬ ሚ ማንበብ) አስተምሮት። ቲቸሯ ይሄን ሁሉ ታውቀው አታውቀው አልጠየቅኳትም፣ እጇ ግን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን ክላስ የወደድኩት በሱ ነው። አንድ ልጅ አለ፣ ሁለት አመት ከምናምን፣ በር ላይ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይቆማል በቃ። ሳምንት በሳምንት እዛው። እናትየዋ ተጨነቀች፣ "ግባ እንጂ የኔ ሸጋ፣ እዩት እነሱን" እያለች ትገፋዋለች፣ እሱ ይብስበታል። ቲቸሯ "ተይው እትዬ፣ ይቁም" አለቻት። አንድ ቅዳሜ ከበሮው እየተመታ እያለ የልጁ ቀኝ እግር ተረከዙ ላይ ነቅ ነቅ ማለት ጀመረ፣ ከሌሎቹ ምት ጋር አይገናኝም፣ ፈጠን ያለ፣ የራሱ ነገር። ቲቸሯ አየችው። ምንም አላለችም፣ ፊቷንም አላዞረችም፣ እጇን ብቻ ቀየረችና ከበሮውን በሱ እግር ልክ መምታት ጀመረች። ልጁ እግሩን አቆመ፣ ከበሮው ቆመ። መልሶ ነቅ አደረገ፣ ከበሮው መለሰለት። ፊቱን ብታዩት! ተረከዙ ከበሮውን እንደሚያዘው ገባዋ። ትንሽ ቆይቶ ቀሚሱን ለቀቀ። አሁን እሱ ነው ቀድሞ የሚገባው፣ እናቱ ናት በር ላይ የምትቀረው።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው መሰለኝ፣ "ልጄ ምት አይጠብቅም፣ ጆሮ የለውም እንዴ" የሚል ጥያቄ እዛ ሁሌ እሰማለሁ። በዛ እድሜ ማንም አይጠብቅም! ማርሴል ዘንትነርና ቱማስ ኤሮላ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2010 ያወጡት ጥናት አለ፣ ከ5 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉ ህፃናት ንግግር ሲሰሙ ከሚንቀሳቀሱት ይልቅ ሙዚቃ ሲሰሙ በጣም ይንቀሳቀሳሉ፣ ሙዚቃው ሲፈጥን እነሱም ይፈጥናሉ፣ ግን ምቱ ላይ በትክክል አያርፉም። ይሄ የሚመጣው ኋላ ነው፣ አራት አምስት አመት አካባቢ ነው መስመር እየያዘ የሚሄደው። ስለዚህ ትንሹን ልጅ እጁን ይዞ "እንዲህ ነው የሚጨበጨበው" እያሉ ማጋጨት ልፋት ነው። ትልቅ ሰው ነው ወደ ልጁ ምት መሄድ ያለበት፣ ቲቸሯ እንዳደረገችው።

እስክስታ አለ ወይ ላላችሁኝ፣ አለ፣ ጎንደር ሆኖ ሊቀር ነው እንዴ። ግን እንደምታስቡት አይደለም። የሶስት አመት ልጅ ትከሻውን ከሌላው ሰውነቱ ለይቶ ማንቀሳቀስ አይችልም፣ ትከሻ ሲባል ሆዱም ጉልበቱም አንገቱም አብሮ ይሄዳል፣ ዶሮ ውሃ ውስጥ ወድቃ ስትራገፍ ነው የሚመስሉት። አታርማቸውም። "ትከሻ ወደ ጆሮ... ጣል!" ታስብላቸዋለች፣ ከዛ ትንፋሽ፣ እስስስ እያሉ፣ በቃ። ትልልቆቹ ክላስ ላይ ግን አምስት ስድስት አመት የሆኑት እየለዩት እንደሆነ አይቻለሁ፣ አንዷ ልጅማ አንገቷን ሁሉ ጨምራ ችክችካውን ስትይዘው ወላጅ ሁሉ ስልኩን አወጣ። (ስልክ ማውጣት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ማንም አያነበውም።)

የሚጫወቱበት እቃ አብዛኛው እዚሁ የተሰራ ነው፣ ይሄም ደስ ይለኛል። ባቄላ የገባበት ቅል፣ በሽቦ ላይ የተሰካ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ፣ ትንንሽ ከበሮዎች። በጣም የምወደው ጋቢው ነው። ያረጀ ሰፊ ጋቢ አለ፣ ልጅና ወላጅ ዙሪያውን ይይዘዋል፣ መሀሉ ላይ የጨርቅ ኳሶች ይጣላሉ፣ ከበሮው ዝግ ሲል ጋቢው በቀስታ ይወዛወዛል፣ ሲጋል ኳሶቹ ጣሪያ ይነካሉ። ከዛ አንዱ ልጅ ስር ይገባና ጋቢው ላዩ ላይ ይወርድበታል፣ ጩኸቱ ማራኪ ካምፓስ ድረስ ይሰማል። ፈረንጆቹ ለዚህ ብለው የሚሸጡት ባለቀለም ፓራሹት አለ፣ በኢንተርኔት አይታችሁ ይሆናል፣ ከጋቢው ይበልጣል ብዬ አላምንም።

አልፎ አልፎ ደግሞ ማሲንቆ የሚጫወት ዘመዷ ይመጣል፣ ቀኑ ቀድሞ አይነገርም እንጂ ቢነገር ቤቱ አይበቃም። ሰውየው ለልጆች ብሎ ድምፁን አያቀጥንም፣ ቁምነገር አድርጎ ነው የሚጫወተው። አንዷ ጅማት ከምን እንደተሰራች ያሳያቸዋል፣ የፈረስ ጭራ መሆኑን ሲሰሙ "ፈረሱስ?" ያለው ልጅ ነበር። ደጋኑንም ይዘው እንዲስቡ ይፈቅድላቸዋል፣ የሚወጣው ድምፅ በር ሲንሲያጠጥ ነው፣ ግን ልጄ ያንን ድምፅ ራሷ እንዳወጣችው ስታውቅ ለቀናት ሌላ ወሬ አልነበራትም። ለየልጁ ስምም ግጥም ይጥላል፣ አዝማሪ አይደል፣ እናቶቹ ብር ግንባሩ ላይ ሊለጥፉ ሲነሱ ቲቸሯ "ኧረ እባካችሁ ህፃናት ናቸው" ብላ ነው የመለሰቻቸው።

አማቴን አንዴ ወስጃቸው ነበር። ገና ስንገባ ስንት እንደሚከፈል ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ዝም አሉ፣ ከዛ ጮክ ብለው "ልጅ ለማስጨፈር ገንዘብ! እኛ በእንኮኮ ይዘን ሰርግ ቤት ነበር የምንወስዳቸው" አሉ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ልክ ናቸው'ኮ። ሰርጉ፣ የቡሄው ጭፈራ፣ የእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች፣ ጥምቀት ላይ ታቦት አጅቦ እስከ ፋሲል መዋኛ የሚወርደው ህዝብ፣ ልጅ በዛ መሀል ካደገ ክላስ ምን ያደርግለታል። ግን እኔ የምኖረው ተከራይቼ ነው፣ አንድ ክፍል ከምናምን፣ ግቢው ውስጥ ልጅ ሲዘል አከራይ ይቆጣል፣ ውጪ ባጃጅ ነው። ሰርግ በዓመት ስንቴ ይመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል፣ ከዛ ውስጥ 60ው ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ። በየትኛው ግቢ? ቅዳሜ 45 ደቂቃ ይሄን አይሞላም፣ ግን እዛ የተማርነውን ጨዋታ ማታ ማታ አልጋና ቁምሳጥን መሀል ባለችው ቦታ እንጫወታለን። አማቴም በኋላ ተነስተው እየተጨበጨበ የሚጫወቱትን የጣት ጨዋታ ለልጆቹ አሳዩ፣ ቲቸሯ ስልኳ ላይ ቀዳችው፣ አሁን ክላሱ ውስጥ ይጫወቱታል።

ሌላ ጎበዝ ያስባላት ነገር የሃይማኖቱ ጉዳይ ነው። የሙስሊም ቤተሰቦችም ይመጣሉ፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ይመጣል፣ ስለዚህ መዝሙርም መንዙማም አታስገባም፣ የፍቅር ዘፈንም የለም፣ ስለ እንስሳ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እንጀራ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ቤተክርስቲያንም ከበሮ ስለማይመታ አንዳንድ ወላጅ ልጁን ማምጣት ይከብደዋል፣ እሷ ቀድማ አሰበችበትና ከበሮውን በነጠላ ጠቅልላ አስቀመጠችው፣ ጾሙን ሙሉ በእግርና በእጅ፣ በጭብጨባና በጭን ብቻ ሰሩ። የሚገርመው ልጆቹ የበለጠ ጆሯቸው ተከፈተ፣ ከበሮ ሲኖር ከበሮው ይመራቸዋል፣ ሳይኖር እርስ በርስ መሰማማት ግድ ነው።

እሺ አሁን ምሬቱ።

የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት። ቲቸሯ ትወጣለች ወይ ወደ ሌላ ስራ ትዞራለች፣ ረዳቷ ትመጣና ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ቴሌቪዥን ትከፍታለች፣ ብሉቱዝ ስፒከሩ ይገናኛል፣ የእንግሊዝኛ የህፃናት ዘፈን ከነካርቱኑ። ልጆቹ ምን ይሆናሉ? ድንጋይ! ግን ያኛው ጨዋታ ላይ እንዳለው ድንጋይ አይደለም። አፋቸው ተከፍቶ፣ እጃቸው ተንጠልጥሎ፣ ስክሪኑ ላይ ይቀራሉ። አሁን እየዘለለ የነበረ ልጅ ይቀመጣል። ረዳቷ ከፊት ሆና እየጨፈረች "ኮም ኦን ልጆች" ትላለች፣ እሷን የሚያይ የለም። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ አመት ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም ይላል፣ ከ2 እስከ 4 ላለው ከ1 ሰዓት አይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል። ስክሪን ቤት አለን፣ እሱን ለማየት ባጃጅ ተሳፍሬ አልመጣም።

ድምፁ ደግሞ! ሊሾ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ፣ ስፒከሩ ሙሉ ተከፍቶ። ጆሯቸውን የሚይዙ ልጆች አሉ፣ ወላጅ "አይዞህ ሙዚቃ ነው" ይላቸዋል። የልጅ ጆሮ የትልቅ ሰው ጆሮ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሙዚቃ ማጫወቻዎች ለሚወጣ ድምፅ ለትልቅ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ካለ ለህፃናት 75 ነው የሚለው፣ ዝቅ አድርጎ። ሩብ ሰዓት ማንንም አያደነቁርም ይሆናል፣ ግን ጆሮውን የያዘ ልጅ ምክንያት አለው፣ እጁን ከጆሮው ላይ ከማውረድ ስፒከሩን ማውረድ ይቀላል።

ለቲቸሯ ነገርኳት፣ በቀና ልብ ነው የሰማችኝ። "አውቃለሁ፣ ግን ወላጅ ይፈልገዋል" አለች። እንግሊዝኛ ይልመዱበት ብለው የሚከፍሉ አሉ፣ ያንን ካነሳሁት ግማሹ ይቀርብኛል አለችኝ። እዚህ ጋ እሷን ብቻ መውቀስ አልችልም፣ ጥፋቱ የኛም ነው። ቅል ሲያንሿሹ ያየ ወላጅ "ይሄማ ጨዋታ ነው" ይላል፣ ካርቱን በእንግሊዝኛ ሲያይ "እየተማረ ነው" ይላል። ተገላቢጦሽ።

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ገና ከበሮው ሳያልቅ ጠፋ፣ ቴሌቪዥኑም ስፒከሩም ሞተ (ቻርጅ አልተደረገም ነበር)፣ ረዳቷ ምን ላድርግ ብላ ቲቸሯን አየቻት። ቲቸሯ መጋረጃውን ከፍታ ከበሮዋን ይዛ ቀጠለች። 45 ደቂቃው በሙሉ በከበሮና በድምፅ ሄደ፣ አንድ ልጅ አላለቀሰም፣ መጨረሻ ላይ ወላጆቹ ራሳቸው ላብ በላብ ሆነው ነበር። ስንወጣ አንዷ እናት "ዛሬ ደስ ሲል፣ ምን ነበር የተለየው?" አለችኝ። መብራት ኃይልን ያመሰገንኩበት ብቸኛ ቀን ነው።

ሁለተኛው ምሬቴ የሰኔው ፕሮግራም ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ወላጅ ፊት ዝግጅት አለ፣ ልብስ ይሰፋል፣ ለብቻው ይከፈላል፣ ጥለት ምናምን ተመሳሳይ እንዲሆን። ይሄም ይሁን። ግን ከፕሮግራሙ በፊት ያሉት ሳምንታት ክላሱ ይበላሻል። ያቺ የልጁን ተረከዝ ተከትላ የመታች ሴትዮ በመስመር ታቆማቸዋለች፣ "ቀኝ አልኩ እኮ!" ስትል ሰማኋት። የሶስት አመት ልጅ ቀኝና ግራ ምኑ ነው። ትልልቆቹ ይወዱታል፣ ለነሱ ይደረግ፣ ትንንሾቹን ግን ተዉአቸው። እኔ የኔዋን አላሳተፍኩም፣ ማንም አላስገደደኝም፣ ይሄንንም ለፍትህ ያህል ልናገር።

ጥቃቅኑን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ከቅሎቹ አንዱ ተሰንጥቆ ባቄላው ወለል ላይ ሲፈስ አይቻለሁ፣ ለዚህ እድሜ ባቄላ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር ነው፣ ከተነገራቸው በኋላ ስንጥቁን በፕላስተር አሽገውታል ግን እናንተም ዓይናችሁን ጣሉ። ሽንት ቤቱ ንፁህ ነው፣ ፖፖ ግን የለም፣ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃ በጀሪካን ነው፣ የሚጠጣ የራሳችሁን። መኪና ማቆሚያ የለም። አርፍዶ የሚመጣ ወላጅ ብዙ ነው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልጆቹ ሁሉ ይዞራሉ፣ እባካችሁ። ክላስ ሲሰረዝ ማካካሻ የለም፣ ትራንስፖርት ጠፍቶ ወይ ከተማው ዝም ብሎ የዋለበት ቅዳሜ ብሩ ይበላል፣ ይሄ አግባብ አይመስለኝም፣ ቢያንስ ግማሹን ወደሚቀጥለው ወር ቢያሻግሩት።

ከሌላ ጋ ለማወዳደር ያህል፣ ፒያሳ አካባቢ ለአራት ዓመት ልጅ ኪቦርድ እናስተምራለን የሚል ቦታም አይቼ ነበር። ልጆቹ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ እግራቸው መሬት ሳይደርስ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ ጣት ዶ ሬ ሚ። የአንዱ ልጅ እግር ወንበሩ ስር ሲወዛወዝ መምህሩ "እግርህን ሰብስብ" አለው። ወጣሁ።

እና ለማን ይሆናል? ለሚያፍር ልጅ በጣም፣ ለሚሮጥ ልጅ በጣም፣ ከአመት ተኩል በታች ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ፣ ቤት እሹሩሩ በሉት፣ ይበቃዋል። እንግሊዝኛ ፍለጋ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። ስትመዘገቡ ደግሞ አንዱን ቅዳሜ በነፃ ማየት ይቻላል፣ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም፣ ጠይቁ። ስለ ቴሌቪዥኑም አንስታችሁ ንገሯት፣ እኔ ብቻዬን ስናገር ኖሬ አልሆነም፣ አምስት ስድስት ሰው ካለ ግን ታነሳዋለች ብዬ አስባለሁ፣ ራሷም አትወደውም።

በነገራችን ላይ ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ማሲንቆውን ካየ ጀምሮ አላስቀመጠኝም። አዘዞም ይሁን ቀበሌ 18 አካባቢ፣ ለዚህ እድሜ ማሲንቆ ወይ ክራር በትዕግስት የሚያስተምር ሰው የምታውቁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ደግሞ በጣም ይመቸኛል።